‹‹የጾም አለ?››፦ ከጀውሃ እስከ ዋሽንግተን የተጓዘው ትሪ

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ናችሁ። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ሾልካችሁ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝታችሁ፣ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ጃኬታችሁን አውልቃችኋል። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርድ ወደ 1300 ሜትር ገደማ ወርዳችኋላ! ትንሽ ወደ ሰሜን ትሄዱና ጀውሃ ላይ ምሳ ይደርሳል።

ከጎናችሁ የተቀመጠው ፈረንጅ ግን ተጨንቋል። ሥጋ አይበላም። ወተት፣ ቅቤና እንቁላልም አይነካም። ‹‹ቪጋን ነኝ›› ይላል። በስልኩ ቢፈልግ በአካባቢው ‹‹ቪጋን›› የሚል ምግብ ቤት አያገኝም። ታዲያ ጾሙን ሊውል ነው?

በጭራሽ። መንገድ ዳር ካሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ይዛችሁት ትገቡና አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃላችሁ፦ ‹‹የጾም አለ?›› ብዙም ሳይቆይ ትሪው ይመጣል። በእንጀራው ላይ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ አልጫ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ቀይ ስር፣ በአንዱ ጥግ ደግሞ የቲማቲም ሰላጣ። ሰውዬው በአገሩ ከተማ ለከተማ ሲፈልገው የኖረው ምግብ፣ ማንም ‹‹ቪጋን›› ብሎ ሳይጠራው እዚህ ሲበላ ኖሯል።

ይህ ትሪ ከየት መጣ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ቤተ ክርስቲያንን፣ የይፋትን ሱልጣኖች፣ አሜሪካን፣ ሕንድንና ጣልያንን ሁሉ ያዳርሰናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉ ወጣት፣ ልማዱ አዛውንት

‹‹ቪጋን›› የሚለው ቃል ራሱ ገና መቶ ዓመት አልሞላውም። በ1944 እንግሊዝ ውስጥ ዶናልድ ዋትሰንና ጓደኞቹ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተትና እንቁላልም የማይበሉ ሰዎችን ማኅበር አቋቋሙ። ‹‹ቬጀቴሪያን›› የሚለውን ቃል ወስደው መጀመሪያውንና መጨረሻውን አስቀሩ፣ መሐሉን ጣሉት። ‹‹ቪጋን›› ተወለደ።

በእኛ አገር ግን ከእንስሳት የሚገኝን ምግብ ሁሉ ለተወሰነ ጊዜ መተው ከዚያ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ሥርዓት ነው። ሥሩ ያለው በጥንቱ ክርስትና፣ በተለይም በግብፅ በረሃ መነኮሳት ሕይወት ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ጳጳሷን ከእስክንድርያ ስታስመጣ ስለኖረች የጾም ሥርዓቷም ከዚያው ጋር የተሳሰረ ነው። በኋላ ሕጉ በመጽሐፍ ሰፈረ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15ን ለጾም ብቻ ሰጥቶታል።

አሁን ቀኖቹን እንቁጠር። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ፍልሰታ 15 ቀን። ነነዌ 3 ቀን። የነቢያት ጾም ከ40 ቀን በላይ። የሐዋርያት ጾም ደግሞ ርዝመቱ በየዓመቱ ይለያያል። በዚህ ላይ ረቡዕና ዓርብ አሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ዓመቱን ሙሉ። ሁሉም ሰው ሁሉንም ይጾማል ማለት አይደለም። አንዳንዶቹን በብዛት የሚጾሙት ካህናትና አረጋውያን ናቸው። ሆኖም ሁሉንም ለሚጾም ሰው ድምሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይሆናል።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በዓመት አንድ ሳምንት ብቻ ቅቤ የምትተዉ ቢሆን ኖሮ የሆነ ነገር ቀማምሳችሁ ታልፉት ነበር። የዓመቱን ግማሽ ከሆነ ግን ወጥ ቤቱ በሙሉ ሌላ ዕውቀት ይፈልጋል። ቅቤን ምን ይተካዋል? ወጡን ምን ያወፍረዋል? ዓይብ በሌለበት ቀን የሚያቃጥለውን ወጥ ምን ያበርደዋል? እነዚህን ጥያቄዎች በየጓዳው ለዘመናት የመለሱት ስማቸው በየትኛውም ዜና መዋዕል ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው። ኑግን ቆልተው፣ ወቅጠው ዘይት አወጡ። ሱፍንና ተልባን አሽተው እንደ ወተት ነጭ ወይም እንደ መረቅ ወፍራም አደረጉ። የባቄላ ዱቄትን ከሱፍ ጭማቂና ከሰናፍጭ ጋር አብላልተው ስልጆ ሠሩ። ስልጆን አስቡት፤ በየወጥ ቤቱ የሚካሄድ የማይክሮባዮሎጂ ሥራ ነው እኮ!

ከውጭ የመጡ እንግዶችም ይህን ሥርዓት ቀደም ብለው አይተውታል። በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ቆይቶ የጻፈው መጽሐፍ በ1540 ሊዝበን ላይ ታትሟል። በውስጡ ስለ ሁዳዴ አጿጿም ጥብቅነት ተገርሞ ጽፏል። እሱ ራሱ ካቶሊክ ስለነበር ጾም አዲስ ነገር አልሆነበትም። የገረመው ጥብቅነቱ ነው።

ይፋት፦ ደጋና ቆላ የሚገናኙበት ደረጃ

አሁን ወደ ጀውሃ እንመለስ። ይህ መሬት ለምንድን ነው ለእንዲህ ዓይነት ትሪ የሚመቸው?

መልክዓ ምድሩን ተመልከቱ። በስተምዕራብ የደጋው ገደል እንደ ግድግዳ ቆሟል። በስተምሥራቅ ሜዳው እስከ አዋሽ ይዘረጋል። ሮቢ፣ ጀውሃና አታዬ ወንዞች ከደጋው ተነሥተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በአንድ ቀን የእግር ጉዞ ውስጥ ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት ብርድ ተነሥታችሁ፣ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበትን ወይና ደጋ አልፋችሁ፣ ማሽላ፣ ሽንኩርትና ማንጎ ካለበት ቆላ ትደርሳላችሁ። ስለዚህ የአንድ ገበያ ሰሌን ላይ የሦስት የአየር ንብረት እህል ጎን ለጎን ይሸጣል። ‹‹በያይነቱ›› የሚለው ስም ለትሪው ብቻ ሳይሆን ለአገሩም ይሆናል።

ይህ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 15ኛው መጀመሪያ ድረስ እዚህ የይፋት ሱልጣኔት ነበር፤ ገዥዎቹ ወላስማዎች ይባላሉ። ከዘይላ ወደብ የሚነሣው የሲራራ ንግድ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚህ ደረጃ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አል ዑመሪ ስለ ይፋትና ስለ ሌሎቹ የሙስሊም መንግሥታት ሲዘግብ ጤፍን ያነሣል። ስለ ጫት ከተጻፉት እጅግ ጥንታዊ መረጃዎች አንዱም የእሱ ነው። በይፋት ተረተር ላይ ዛሬም የድንጋይ መስጊዶችና የመቃብር ፍርስራሾች ይታያሉ፤ አርኪዮሎጂስቶችም አጥንተዋቸዋል።

ከዚያም በኋላ መንገዱ አልተዘጋም። በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የወጣው በዚሁ በይፋት በኩል፣ የነጋዴዎች ከተማ በሆነችው አልዩ አምባ አድርጎ ነበር። የጉዞ መጽሐፉ የታተመው በ1844 ነው። ‹‹ቪጋን›› የሚለው ቃል ሊፈጠር ድፍን 100 ዓመት ሲቀረው ማለት ነው።

ትሪው ላይ የተቀመጡ እንግዶች

እስቲ አንድ ጨዋታ እንጫወት። የዛሬውን በያይነቱ ወስደን አል ዑመሪ ወደ ኖረበት ዘመን ይዘነው እንመለስ። በዚያ ዘመን እዚህ ያልነበረውን ሁሉ ከትሪው ላይ እናንሣ።

ድንቹ ይነሣል። ድንች የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በ1858 ገደማ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይታመናል። ቲማቲሙ ይነሣል፤ እሱም ከአሜሪካ ነው። ፎሶሊያም እንዲሁ። ጥቅል ጎመኑም የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው።

አሁን ደግሞ ትልቁ ድንጋጤ፦ ቀዩ ምስር ወጥ ቅላቱን ያጣል! በርበሬ ከአሜሪካ ወደ ሌላው ዓለም የወጣው ከ1492 በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ወጥ የሚያቃጥለው በዝንጅብል፣ በጥምዝና በቁንዶ በርበሬ እንጂ ዛሬ በምናውቀው ቀይ በርበሬ አልነበረም። ‹‹ያለ በርበሬ ምን ዓይነት የሐበሻ ምግብ አለ?›› የምትሉ ከሆነ፣ የአክሱም ነገሥታትም፣ ላሊበላም፣ የይፋት ሱልጣኖችም በሙሉ እንደዚያ በልተው ነው ያለፉት።

ታዲያ ምን ይቀራል? እንጀራው፣ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ አተሩ፣ የአበሻ ጎመኑ፣ ኑጉና ተልባው። ጤፍና ኑግ የተላመዱት እዚሁ ነው። ምስርና ሽምብራ ከመካከለኛው ምሥራቅ ቢመጡም በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ስለቆዩ ቤተኛ ሆነዋል። ትሪው እንግዳ ያስገባል፤ እንጀራው ግን ከሥር አለ።

አንድ የአካባቢውን ምሳሌ ልጨምርላችሁ። በሸዋ ሮቢትና በአታዬ ዙሪያ በቆላው ማሾ በብዛት ይመረታል። ትንሿ አረንጓዴ ጥራጥሬ ከሕንድ የመጣች ናት። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለ ጊዜ ውስጥ ስለምትደርስ አጭርና እንደ ልቡ የሚሆነውን የቆላ ዝናብ ትችለዋለች። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከቡናና ከሰሊጥ ጎን እስከ መሸጥ ደርሳለች። ብዙውም ወደ እስያ ይላካል። ከእስያ የመጣች እህል በይፋት አርሶ አደር እጅ አልፋ ወደ እስያ ትመለሳለች ማለት ነው። ገራሚ አይደለም?

ሌላው እንግዳ ደግሞ መንገዱ ነው። ዛሬ የምንጓዝበት የጣርማ በር ዋሻና ወደ ደሴ የሚወስደው የመኪና መንገድ የተሠሩት በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። መኪና ሲመጣ ሾፌር መጣ፣ ሾፌር ሲመጣ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ተስፋፋ። የምግብ ዝርዝሩ ላይም የጣልያንኛ ቃላት ገቡ። ‹‹ፓስታ በስጎ የጾም›› ብላችሁ ስታዝዙ ‹‹ፓስታ››ውም ‹‹ስጎ››ውም የጣልያን ናቸው። ‹‹የጾም›› የምትለዋ ግን የእኛ ናት። እሷ ናት ሁሉንም ወደ ራሷ ሥርዓት ያስገባችው።

ሳይንሱ ምን ይላል?

‹‹ሥጋ ሳይበላ ጉልበት ከየት ይመጣል?›› የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። መልሱ በከፊል እዚያው ትሪው ላይ ነው።

ፕሮቲን ከአሚኖ አሲዶች ይሠራል። ከእነዚህ ውስጥ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው አሉ፤ ከምግብ ነው የምናገኛቸው። እህሎች በአብዛኛው ላይሲን የሚባለው ያንሳቸዋል። ጥራጥሬዎች ላይሲን ሞልቷቸው ሚታዮኒን ያንሳቸዋል። እንጀራን በምስር ስንበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ደረቅ ምስር ደግሞ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ሽሮ በእንጀራ የደሃ ምግብ ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ደሃው የኬሚስትሪ ዕውቀቱ ጥሩ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው እርሾው ነው። እህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ውህድ አለ። ብረትንና ዚንክን አንቆ ይይዝና ሰውነታችን እንዳያገኛቸው ያደርጋል። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ረቂቅ ተሕዋስያኑ ከፋይቴቱ የተወሰነውን ይሰብሩታል። ያ ኮምጠጥ ያለ ጣዕም የሥራቸው ምልክት ነው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ትሪው የማይሰጠው ነገርም አለ፤ ቫይታሚን ቢ12። ይህ ቫይታሚን በዕፅዋት ምግብ ውስጥ አይገኝም ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ነው ጾምና ቪጋንነት የሚለያዩት። ጾም ይፈታል! ጉበት ቢ12ን ለረጅም ጊዜ ማከማቸት ስለሚችል በፍስክ ወራት የተበላው እንቁላልና ወተት ለጾሙ ስንቅ ይሆናል። ዕድሜ ልኩን ቪጋን የሚሆን ሰው ግን ቢ12ን ከተጨመረበት ምግብ ወይም ከእንክብል ማግኘት አለበት። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮችም የተለየ ፍላጎት አላቸው። ቤተ ክርስቲያኗም ብትሆን ሕፃናትንና ሕመምተኞችን ጹሙ ብላ አታስገድድም።

ሥጋ የሚለየውን ሽሮ ያገናኘዋል

አሁን የታሪኩ ልብ ጋ ደርሰናል። ይፋት ሙስሊምና ክርስቲያን፤ አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር ለዘመናት ጎን ለጎን የኖሩበት አገር ነው። አብረው ይገበያያሉ፣ በለቅሶና በሠርግ ይጠራራሉ። አብረው የማይበሉት አንድ ነገር ግን አለ፤ ሥጋ። በኢትዮጵያ ልማድ ሙስሊሙ ሙስሊም የባረከውን፣ ክርስቲያኑም ክርስቲያን የባረከውን ነው የሚበላው። ለዚህ ነው ሠርግ ላይ ሁለት በሬ የሚታረደው፣ ሁለት ድስት የሚጣደው። ለዚህ ነው በየከተማው የሥጋ ቤቶች በር ላይ ምልክት የምታዩት።

የጾም ምግብ ግን ቢላዋ የለበትም። ማንም አልባረከውም፤ አልታረደማ! ስለዚህ ብዙ ሰው ከጎረቤቱ ቤት ሳይጠራጠር የሚበላው እሱን ነው። ሙስሊሙ ተጓዥ የማን ምግብ ቤት እንደሆነ በማያውቀው ቤት ገብቶ ‹‹የጾም አምጪልኝ›› ሲል፣ ስለ ሁዳዴ እያሰበ አይደለም፤ የሚያስማማ ምግብ እየጠየቀ ነው። የክርስቲያን ጓደኛውም እጁን ታጥቦ ከዚያው ትሪ ይቆርሳል።

አስቡት እንግዲህ። አንዱ ሃይማኖት ራሱን ለመግዛት ያወጣው ሥርዓት፣ ሳያስበው ለሁለቱም የሚሆን ገበታ ሠራ። ይህን ያቀደ ንጉሥም ሆነ ጉባኤ የለም። በየቀኑ የሚሆን ነገር ስለሆነ የታሪክ መጽሐፍም ብዙ አላነሣውም። ጦርነት ይጻፋል፣ አብሮ የተበላ ምሳ አይጻፍም። ይፋት ውስጥ ግን ክፉ ቀን ባለፈ ቁጥር ሰዎችን መልሶ የሚያቀራርበው እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው። ገበታ ሲለያይ የሚጎዳው ሆድ ብቻ አይደለም።

ትሪው ባሕር ሲሻገር

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ውጭ አገር ናችሁ እንበል። ዋሽንግተን፣ ረቡዕ ቀን፣ ርቧችኋል።

አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለት የኢትዮጵያ ምግብ ቤት በ1966 በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች የተከፈተው የበየነ ጉሊላት ነው። በ1978 ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ ‹‹ማማ ደስታ›› ተከፈተ። ስሙን ያገኘው ከወጥ ሠሪዋ ከደስታ ባይሩ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሲሰደዱ ምግብ ቤቶቹም በዙ። በ2002 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ሰፈር ‹‹ትንሿ ኢትዮጵያ›› ተብሎ በይፋ ተሰየመ።

መጀመሪያ ላይ ጤፍ የለም። እንጀራው በስንዴና በሌላ ዱቄት ይጋገር ነበር። በ1980ዎቹ ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ፣ ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ሲሠራ ያወቀውን ጤፍ አይዳሆ ላይ እየዘራ መሸጥ ጀመረ። ትሪው መሠረቱን አገኘ።

ከዚያ ደንበኞቹ ተቀየሩ። ፈረንጆቹ ሲገቡ ‹‹ሥጋ የሌለው አላችሁ?›› ይላሉ። አስተናጋጁ ግራ አይጋባም። እናቱ ረቡዕና ዓርብ የምትሠራውን ያመጣል። ቀስ በቀስ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ‹‹የጾም›› የሚለው ቃል ወጥቶ ‹‹ቪጋን›› የሚለው ገባ። ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ እንዳለው ቡና ካፌ ያሉ፣ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ጨርሶ የማያበስሉ ምግብ ቤቶችም ተከፈቱ። ፍስክ የሌላቸው የሐበሻ ቤቶች! እዚህ አዲስ አበባም ጣይቱ ሆቴል የጾም ቡፌው በውጭ ጎብኚዎች ዘንድ የታወቀ ሆኗል።

ስሙ መቀየሩ ክፉ አይደለም፤ ሰው ባገኘው ቃል ነው የሚግባባው። ግን ‹‹ቪጋን›› ስንለው ምን እንደሚቀር እንወቅ። ‹‹ቪጋን›› ምን እንደሌለበት ይነግራችኋል። ‹‹የጾም›› ግን መቼ፣ ከማን ጋር፣ እስከ መቼ እንደሚበላም ይነግራችኋል። በመጨረሻው ላይ ፋሲካ አለ፣ ዶሮ ወጥ አለ።

ለተጓዡ ወዳጃችን ደግሞ ሁለት ምክር አለን። አንደኛ፣ ማክሰኞ ቀን ‹‹ሽሮ›› ብቻ ብሎ ቢያዝዝ ቅቤ ሊኖርበት ይችላል፤ ‹‹የጾም ሽሮ›› ይበል። ሁለተኛ፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕም ዓርብም ስለማይጾም በትንሽ ከተማ የጾም ምግብ ላያገኝ ይችላል፤ ቀደም ብሎ ይጠይቅ።

የቤት ሥራ

ስለ ነገሥታት ብዙ ተጽፏል። ስለ ስልጆ፣ ስለ ኤልበት፣ ስለ ተልባ ፍትፍት ግን የሚያውቁት አያቶቻችን ናቸው፤ ብዙዎቹም አልጻፉትም። በጀሪካን የሚሸጥ ዘይት ከመለመዱ በፊት ሁዳዴን በምን ያሳልፉት ነበር? ጎረቤት ሙስሊም ሲመጣ፣ ወይም ጎረቤት ክርስቲያን ሲመጣ፣ ምን ያቀርቡ ነበር? በእናንተ ቤት ሁለት ድስት የተጣደው መቼ መቼ ነው?

ዛሬ ማታ ደውላችሁ ጠይቋቸው። ስልካችሁ ላይ ቅዱት፤ መጠኑን፣ ጊዜውን፣ የዕቃውን ስም ሳይቀር ጻፉት። የታሪክ ምንጭ ማለት በብራና ላይ ያለ ብቻ አይደለም። እናም ቀጥሎ ጀውሃ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም፣ ትሪው ሲመጣ፣ ከመቁረሳችሁ በፊት አንዴ እዩት፤ የትኛው ከአሜሪካ፣ የትኛው ከሕንድ፣ የትኛው ከዚሁ ከሥራችሁ ካለው አፈር እንደመጣ። ከዚያ ከጎናችሁ ያለውን ሰው ‹‹እንብላ›› በሉት። ማን እንደሆነ ባታውቁትም።